አማች የለኝም

«ሄሎ?… አቤት፣ ማን ልበል?… ከየት?… ከኤምባሲ!»

እናት የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ወንበር ሳበች። የቪዛ ሕጉ ጠበቀ ከተባለ ወዲህ፣ ልጇ ባሏ ወዳለበት አገር የምትሄድበት ቪዛ እየተጓተተ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እናት ሮጣ ታነሳለች። ከኤምባሲ ነኝ ያለ አጭበርባሪ የጎረቤቷን ልጅ ፓስፖርት ይዞ መጥፋቱንም አልረሳችም።

«እናቷ ነኝ። እሷ ገላዋን እየታጠበች ነው፤ ምን ፈልገህ ነው?… ባሏ? የማን ባል?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማ ወንድሜ፣ የጎረቤቴንም ልጅ እንዲሁ በጣፋጭ ምላስ ነው ጉድ የሠራችኋት… አዲስ ሕግ?… ጋብቻው የእውነት መሆኑን ማጣራት?… እሱን ለሞኝ ንገር! እኔ አማች የለኝም። ልጄም አላገባችም። ጻፈው!… ጻፍኩት አልክ? እሰይ!»

ልጅቱ ፎጣ ጠምጥማ ብቅ አለች።

«አንድ ሌባ ነው ልጄ፣ ልክ ልኩን እየነገርኩት ነው… ምነው? ምን ሆንሽ?… ዛሬ እንደውላለን ብለውሽ ነበር? ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም!… ሄሎ፣ ጌታዬ፣ ይሰሙኛል? አልዘጉትም?… ተመስገን! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አግብታለች። ሠርጉን ራሴ ነኝ የደገስኩት… አሁን ለምን ተቀየረ?… ኧረ ማንም አላስጠናኝም!… አጠገቤ ያለችው? እሷ ናት፤ እያለቀሰች ነው እንጂ ምንም አላለችኝም… አንቺ፣ በእጅሽ ምልክት አታሳዪኝ፣ ያውቁብናል!»

ይህን ብላ ምላሷን ነከሰች።

«አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም… እሺ፣ ይጠይቁኝ… ስለ አማቼ የማውቀውን? ውይ፣ የቱን ትቼ የቱን ልንገርዎት! በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋን መኪና ውስጥ አስቀምጦ ጫማ ሊያስጠርግ የሄደ ሰው ነው። ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይነቃል። ቧንቧ እጠግናለሁ ብሎ ኩሽናዬን ኩሬ አድርጎልኝ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣው። ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ ‹እማዬ› ይለኛል፤ ማን ወለደው?… አትቆንጥጪኝ አንቺ፣ እውነቴን ነው!… ጌታዬ፣ የውሸት አማች ብፈልግማ ከዚህ የተሻለ አልመርጥም ነበር?… ይስቃሉ እንዴ?… ሄሎ?… ይሰማሉ?… ሄሎ!»

ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። ተዘግቷል።

«ስቋል፣ ልጄ። ሳቁ ለደግ ይሁን ለክፉ ግን… እኔ እንጃ።»