ሁሩታ ዳገት ላይ የፈነዳው ቱቦ

በእኛ ጊዜ መኪና ሞቀ ብሎ የሚደነግጥ ሾፌር አልነበረም። አዳማ ነዋ! ሰውም ይሞቀዋል፣ መኪናም ይሞቃል። ጥላ ፈልገህ ታቆማለህ፣ ኮፈኑን ትከፍታለህ፣ እስኪበርድ ጋደም ትላለህ። የራዲያተሩ ቱቦ ከተቀደደ ደግሞ አሮጌ ካላማዳሪ፣ ያን የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ በቀጭኑ ትቆርጥና እንደ ቁስል ትጠመጥምለታለህ። አዲስ ቱቦ የሚገዛ ሰው እንደ ቅንጦተኛ ነበር የሚታየው። እና የእኔ ፒክአፕ፣ ያቺ በሩ ላይ የቆመችው፣ አያችኋት አይደል? የእሷ ቱቦዎች ካላማዳሪ በካላማዳሪ ላይ ተጠምጥሞባቸው ወፍረው ወፍረው ክንዴን አክለው ነበር።

ታዲያ ጉልበቴን አመመኝና መንዳት ተውኩ። መኪናዋም ግቢ ቆመች። ልጄ ከድር፣ ሞባይል ቤት ያለው፣ መጣና፣ "አባባ፣ ይቺን ለቆራሌው ሰጥተን ባጃጅ እንግዛ" አለኝ።

"ለቆራሌ? እንደ አሮጌ ድስት?"

"ድስትማ በስንት ጣዕሙ! ድስት ውሃ አያፈስም" አይለኝ መሰላችሁ! ውሸትም አልነበረም። ለመጨረሻ ጊዜ የነዳኋት ቀን ከሶደሬ በገመድ ተጎትታ ነው የገባችው።

ይሄን ጊዜ ታላቅ እህቱ ፎዚያ ከጓዳ ወጣች። ፎዚያ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች፤ ድንቹን ከሁሩታ የሚያመጡላት የሰው መኪኖች ናቸው። ሲመቻቸው ይመጣሉ፣ ካልተመቻቸው ባዶ መደቧ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ የጎደላት መኪና ነው። እና ምን አለች? "ማንም እንዳይነካት! ድንቼን የማመጣባት እሷ ናት።"

"በምን? በጸሎት?" አለ ከድር።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። "እንግዲህ ቱቦዎቿን እንቀይር" አልኩ። "ሁሩታ በራሷ ከደረሰች ቁልፉ የፎዚያ ነው። በገመድ ከተጎተተች ቆራሌው ይውሰዳት።" ተስማሙ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ጀመርን። ፎዚያ ከስር ሳፋ አስገባችና የራዲያተሩን ውሃ ለቀቀችው፣ ቡናማ ሆኖ ወረደ። "አባባ፣ ይሄ ውሃ ነው ሻይ?" አለችኝ። ከድር ደግሞ አሮጌውን ቱቦ በፒንሳ ይዞ እህህ እያለ ይጎትታል። "አትጎትት! የራዲያተሩን አፍ ትሰብረዋለህ፣ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቀው!" አልኩት። ሰነጠቀው፣ ተላጠ። ፎዚያ አሮጌዎቹን ይዛ ሱቅ ሄደችና አጣጣፋቸው ልክ እንደነሱ የሆነ አዲስ አመጣች። የብረቱን አፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ፋሸታውን፣ ማለት ቱቦውን ጥብቅ የሚያደርገውን ቀለበት፣ መጀመሪያ አጠለቀች፣ ከዚያ ቱቦውን ገፍታ አስገብታ በካቻቢቴ አጠበቀችው። እኔም እንደ ልማዴ የቧንቧ ውሃ ልሞላ ስል፣ "ኧረ አባባ፣ ኩላንት ነው የሚገባው፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹ!" ብላ ጆጉን ነጠቀችኝ።

እና ኮፈኑን ልንዘጋ ስንል ከሞተሩ ጀርባ የተደበቁ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አየች። "እነዚህስ?"

"ተያቸው" አልኩ። "የማሞቂያው ናቸው። አዳማ ላይ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" ሳቅን። ከድርም ሳቀ። ማሞቂያው ይከፈት አይከፈት፣ ያው ውሃ በነሱም እንደሚዞር ማን ትዝ ይበለው? ይሄ የቆላ ሰው ስህተት ነው፣ ልብ በሉ።

ተነሳን። ፎዚያ መሪው ላይ፣ እኔ መሀል፣ ከድር ዳር። ኋላ ላይ ደግሞ ከድር ያን የመጎተቻ ገመድ ጭኗል። "ለማንኛውም ነው አባባ" ይላል፣ ፈገግ እያለ። መልካሳን አለፍን፣ የሙቀት ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። ዴራን አለፍን፣ ዳገቱ መጣ፣ አሁንም ንቅንቅ የለም። ፎዚያ ማፏጨት ጀመረች። እና ወዲያው ፏ! ከፊት እንፋሎት ቦለለ፣ መንገዱ ጠፋን።

ዳር ይዛ አጠፋችው። ከድር ወርዶ ስልኩን አወጣ። "ሃሎ፣ ቆራሌው? አዎ፣ ያቺ ፒክአፕ..."

"ዝጋው!" አለችው። "ተጎትቻለሁ እንዴ?"

እስኪበርድ ጠብቃ ኮፈኑን ከፈተች፤ ከነዚያ ከተውናቸው ሁለት የማሞቂያ ቱቦዎች አንዱ ፈንድቷል። እኔ እንኳ ተስፋ ቆርጬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ በጣቷ እየተከተለች ለራሷ ታወራለች፦ "ከሞተር ይወጣል... ማሞቂያ ይገባል... በሌላኛው ተመልሶ ሞተር ይገባል..." ቀና አለች። "አባባ! ከሞተር ወጥቶ ሞተር የሚገባ ከሆነ፣ ማሞቂያውን ምን አስፈለገን?"

የፈነዳውን አውጥታ ጣለችው። ደህናውን ከማሞቂያው ነቀለችና ጫፉን አዙራ እዚያው ሞተሩ ላይ፣ የፈነዳው በነበረበት አፍ ሰካችው። ውሃው ማሞቂያ ሳይደርስ ዞሮ ይመለሳል፣ ገባችሁ? ፋሸታውን አጠበቀች። ለመንገድ ከያዝነው ጀሪካን ውሃ ሞላን፣ አስነሳችው። ጠብ የሚል ነገር የለም! ከድር ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሁሩታ ደረስን፣ በራሷ! ድንቹ ተጫነ። ጭነቱ ከፍ ስላለ ማሰሪያ ሲፈለግ፣ ፎዚያ ያን የመጎተቻ ገመድ አነሳችና፣ "ከድርዬ፣ እንኳን ይዘኸው መጣህ" አለችው። እሱም ወጥቶ አሰረላት፣ ጥሩ አድርጎ ነው ያሰረው።

ስንመለስ ዝናብ ያዘን። የሁሩታን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከድር በሸሚዝ ብቻ ነበር የመጣው፣ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። ትንሽ ቻለ፣ ቻለና፣ "ፎዚ፣ እባክሽ ማሞቂያውን ክፈቺልኝ" አይልም!

እስከ መልካሳ ድረስ ሳቅን፣ እሱም ጭምር።

— እና ጋሼ፣ ማሞቂያውን አስጠገነችው?

ማስጠገን? አዲስ ቱቦ ገዝታ ራሷ ቀጠለችው እንጂ! አሁን ሁሩታ ስንሄድ እኔም ጉልበቴን አስሞቃለሁ። ግን እሷ ስትፈቅድ ነው፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነዋ!