ጠለቅ ያለ ኪስ

እንዴት ዋልክ ሰይድ? ቤተሰብ ደኅና? ገበያው እንዴት ነው? … ይመስገን። እኛም ደኅና ነን። ወርቃ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ ቡናው ግን ቀልቷል። ዘንድሮ ቅርንጫፉ ሁሉ ጎንበስ ብሏል። ፍሬ የያዘ ነገር ጎንበስ ሲል ደስ ይላል። ቢወድቅበት እንኳ የሚወድቀው ፍሬ ነው።

አትነሣልኝ፣ ሥራህን ቀጥል። የመጣሁት ለዚህ ኮቴ ነው። የቀኝ ኪሱ ተቀዷል። ጠዋት ለመንገድ ብዬ አንድ እፍኝ ቆሎ ይዤበት ነበር፤ ይርጋጨፌ ሳልደርስ አለቀ። አልበላሁትም። መንገድ ላይ ዘርቼው ነው። የጭነት መኪናው ላይ እስክወጣ ድረስ ወፎቹ ተከተሉኝ።

አልቸኩልም። መጀመሪያ የያዝከውን ጨርስ፤ ወረፋ ወረፋ ነው። … ጥሩ ኮት ነው። ግራጫ ሱፍ? እንዲህ ያለውን የሚለብስ ያው ሹም ነው፣ ወይም የሹም ወኪል ነው። ባለቤቱም ሩቅ አልሄደም መሰለኝ፤ ከመጋረጃው ሥር ጫማ ይታየኛል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። የማን ነው አላልኩህም። ሱሪ የሚለካ ሰው አይጠየቅም። ደግሞ እኔ ጫማ አይቼ ሰው የምለይ አይደለሁም። የራሴን ልጅ እንኳ የማውቀው በባዶ እግሩ ነው።

ኪሱ ግን ገረመኝ። ከውስጥ በኩል፣ በግራ ብብት ሥር … ሸራ ነው አይደል? የመኪና ሸራ? እንዲህ ጠለቅ ያለ ኪስ አይቼ አላውቅም። እስከ ክርን ድረስ እጅ ይውጣል። ምን ሊይዝበት ነው ብዬ አልጠይቅም። መጽሐፍ ቅዱስ ይሆናል። … አይደለም? እንጃ። ሰው የሚወደውን ነገር ነው ልቡ አጠገብ የሚያስቀምጠው።

ክሩን እስክትጨርስ አንድ ወሬ ላጫውትህ። እኔ ወሬ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። ባለቤቴ፣ «ካንተ ጋር ከመኖር ከእንሰት ጋር መኖር ይሻላል፤ እንሰት ነፋስ ሲመጣ እንኳ ይናገራል» ትለኛለች። ዛሬ ነፋስ ሳይመጣብኝ አልቀረም።

እኛ አገር አንድ ሰው አለ። ስሙ ይቅር። የተመሰገነ ሰው ነው። የተማረ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። እኔ ሦስተኛ ላይ ነው የቀረሁት፤ ስለዚህ የሱ ነገር ሁሉ አይገባኝም። እዚህ ዲላ የሚኖሩ አንድ እሜቴ አሉ፤ መሬቱ የሳቸው ነው፣ እኛ ጭሰኞቻቸው ነን። ይህ ሰው ወኪላቸው ሆነ። የመረጡት አገሩን ስለሚያውቅ ነው። በየትኛው አጥር እንደሚሾለክ፣ የማን ማሳ የት እንደሚያልቅ፣ የማን ውሻ እንደማይነክስ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? በልጅነቱ ያልበላበት ቤት የለማ።

የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይላሉ። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ አንድም ነገር አልዘረፈም። የመሬት መለኪያውን ገመድ ጫፍ ያዘ እንጂ። ቀላዱ በአጎቱ በሙሉካ እንሰት መሀል ሲያልፍ ገመዱን የወጠረው እሱ ነው። ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ገመዱ ትንሽ እንኳ አልተወላገደም። ግማሹ እንሰት ከምልክቱ ወዲያ ቀረ፤ የእሜቴ ሆነ። ያ ሙሉካ ደግሞ ወንዙ በሞላ ቁጥር ይህን ሰው በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሰው ነበር። … ትከሻ በገመድ አይለካም። ቢለካማ እሱንም ይወስዱት ነበር።

አባትየው፣ «ደጄን እንዳትረግጥ» አለው። ሞኝ አባት ነው። ወኪል ደጅ የሚረግጠው ተፈቅዶለት ነው እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን ፍርሃት ያዘው አሉ። አልፈርድበትም። አገራችን ያስፈራል። ሽማግሌው ከዘራ ይዞ ይሄዳል፣ ሴቱ የእንሰት መፋቂያ። ስለዚህ የኪስ ሽጉጥ ፈለገ። በየቀኑ የሚይዛት፣ ሰው የማያያት። ፈሪ ዱላ ያበዛል ይባል የለ? እሱ አላበዛም፤ አሳነሰ እንጂ። ጀግና ነው ማለት ነው።

ሽብሩን ታውቀዋለህ፣ ጡረታ የወጣውን ወታደር? ያሻሻጠው እሱ ነው። ጠጅ ቤት ተቀምጦ ሲያወራ ሰማሁት፤ እኔ አልጠየቅሁትም። ሦስት ሽጉጥ ብርድ ልብስ ላይ ደርድሮ አቀረበለት። የመጀመሪያዋ ረጅም ናት፣ የጦር ሠራዊት ዓይነት። ሰውዬው ብብቱ ሥር ሻጣት፣ ኮቱን ለበሰ፣ መስተዋት ፊት ቆመ። «ኮቴን አበላሸችው» ብሎ መለሰ። ዓይን አለው፤ የኮት ነገር ያሳስበዋል። ሁለተኛዋ የሚሽከረከር ሆድ ያላት ናት። «ይቺ ደግሞ ያረገዘች ትመስላለች፤ ታሳብቃለች» አለ። እሷንም መለሰ። ሦስተኛዋ የቤልጅግ ሥሪት፣ ጠፍጣፋ፣ መዳፍ እንኳ የማትሞላ። እሷን ይዞ ቁጭ አለ፣ ተነሣ፣ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፣ መጨረሻ ላይ ሽብሩን እቅፍ አደረገውና፣ «ትቆረቁርሃለች?» ሲል ጠየቀው። ሽብሩም፣ «አልቆረቆረችኝም» አለው። እንዴት ያለ መራጭ ነው? እኔ የመቆፈሪያ እጀታ ስመርጥ እንዲህ አልጠነቀቅም።

ሽብሩ የብረት ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ አይሸጥም። «ጠላትህ ሩቅ ነው ቅርብ? ይቺ እኮ ከአጥር ወዲያ ያለውን አታገኝም» አለው። «ቅርብ ነው» አለ። «ምን ያህል ቅርብ?» … «ሰላም የሚባባሉበት ያህል።»

ሰማኸኝ ሰይድ? ሰላም የሚባባሉበት ያህል። እኔም ማታ ማታ ሳስበው ሰነበትኩ። ያን ያህል የሚጠጋው ማን ነው? እሜቴ አይደሉም፤ እሳቸውን ከበረንዳው በታች ቆሞ ነው የሚያናግራቸው። ፖሊሱም አይደለም። የቀረው የሚሳሳመው ሰው ነው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ዛሬ ቃሉን ያከበረው አህያው ብቻ ነው።

ምነው መርፌው ቆመ? ስፋ እንጂ።

ባለፈው ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አባትና ልጅ ሊያስታርቁ። ሶንጎ ላይ፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሜዳ ላይ ማለቴ ነው፣ እኛ ዘንድ ብረት አይገባም። ጦር ያለው ጦሩን፣ ማጭድ ያለው ማጭዱን አጥሩ ላይ አስደግፎ ነው የሚገባው። አንዱ እንዲያውም ቢላዋ ወገቡ ላይ ረስቶ ገብቶ፣ አፍሮ ተመልሶ ወጣ። ይህም ሰው አጥሩ ዘንድ ቆመና ባዶ እጁን አሳየ። ንጹሕ እጅ ነው ያለው፤ አፈር ከነካው ቆይቷል። ገባ። «የአባትህን ጉልበት ሳም» አሉት። አባትየው ተቀምጧል። ይቅር ሊለው ነው፤ የቀረው አንድ ቃል ነበር፣ ያንንም አፉ ውስጥ ይዞታል። ልጁ መጣ። ጎንበስ አለ። አጎነባበሱ ያምራል፤ እሜቴ ቤት ተለማምዶታል። ጎንበስ ሲል … ያቺ ጠፍጣፋዋ ከብብቱ ሾልካ የአባቱ አውራ ጣት ላይ ወደቀች።

ትንሽ ናት ሲሏት ለካ ብረት ናት። ትከብዳለች።

ዓይናቸው የጠፋ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ምን ወደቀ ብለው ሣሩን ዳሰሱ፣ አነሷት፣ አገላበጧት። «የሱረት ዕቃ ናት? እስቲ ለሁላችንም አዳርሰን፣ ልጄ» አሉት። … አትሳቅ። እዚያ ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ «ለቅዳሜ» ብለው ሄዱ። ቅዳሜ እንደገና ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲያ ግን አይቀመጡም። የቅዳሜው ከፈረሰ ያ ሰው አባት የለውም፤ አገርም የለውም። ሲሞት የሚቀብሩት እሜቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ጭቃ አይወዱም።

እግሬን ምን ታየዋለህ? የጠቆረችውን ጥፍሬን? እንቅፋት ነው። ወርቃ ድንጋይ ሞልቷል። ቤልጅግ ድረስ ሄጄ እንቅፋት የሚመታኝ ሰው እመስልሃለሁ? … ይወልቅና ሌላ ይበቅላል ብለውኛል። ጥፍር ደግ ነው፤ ይተካል።

እና የገረመኝ ምን መሰለህ? ያልተማረ ሰው ቢሆን፣ እንደ እኔ ያለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ያደርጋል? ብረቱን ቤቱ ትቶ ቅዳሜ ይመጣል፤ ወይም ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። ሌላ ነገር አይታየውም። የተማረ ሰው ግን ነገሩን ከሥሩ ይመረምራል። ጥፋተኛው ማነው? ኪሱ ነው። ኪሱ አጭር ነበር። እንግዲያስ ኪሱ ይጥለቅ፣ ሸራ ይሁን፣ አፉ ላይ ቁልፍ ይተከልበት። አለቀ። ይህን እኔ ዓመት ሙሉ ብቀመጥ አላስበውም።

… መጋረጃህን ነፋስ ነካው እንዴ? በሩ ዝግ ነው እኮ። አይጥ ይሆናል። ተወው፤ ዝም ካለ እኛም ዝም እንበለው።

ለመሆኑ የኔን ልጅ ታስታውሰዋለህ? መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ ቁምጣውን የሰፋህለት አንተ ነህ። ኪስ ካልተደረገልኝ ብሎ እዚሁ ደጅህ ላይ አለቀሰ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ኪስ አወጣህለት፤ ሁለት ጣት የማታስገባ። በሷ ቆሎ ይይዝ ነበር። ሙሉካ ትከሻ ላይ ሆኖ ሙሉካን ያጎርሰው ነበር፤ ወንዙን እስኪሻገሩ። … የት እንዳለ አላውቅም ያን ልጅ። ብታገኘው ሰላም በልልኝ።

ወደ ሥራህ እንመለስ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሰፊ ነህና ይጠቅምሃል። ሰው ሲያጎነብስ ኮቱ ወደ ፊት ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ የኪሱን አፍ ወደ ጎን አድርገው። ክሩን አትሰስት፤ ደርበው። ቁልፉ ደግሞ ትልቅ ይሁን፤ ሲቸኩል እንዳያስቸግረው። ምናልባት አባቱ በድንገት ያቀፈው እንደሆነ። ሽማግሌ ይረሳል እኮ፤ ልጁን ሲያይ እጁ በራሱ ጊዜ ይዘረጋል። እንዲህ ካለው አደጋ ሰው ራሱን መጠበቅ አለበት።

አባትየውን? አዎ፣ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ይመጣል። ቀርቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ጉልበቱን አቅርቦ ይቀመጣል። እግሩ ላይ ጫማ ሊያደርግ ነው አሉ፤ እሱም ተምሯል ማለት ነው። ግን አይፈትሽም። አባት ልጁን አይፈትሽም፤ ሽማግሌም አይፈትሽም። ልጁ ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ በሸሚዙ የመጣ እንደሆነ፣ ያ አፍ ውስጥ የቀረው ቃል ይወጣል፤ የሙሉካም ነገር በደግ ይታያል። ኮቱን እንደለበሰ የመጣ እንደሆነ … ያም ይሁን። ወርቃ ይበርዳል፤ ሰው ኮት ለበሰ ተብሎ አይነወርም። ጉልበቱንም ይስማል። ቃሉ ግን ተመልሶ ይዋጣል። አባትየው ብዙ ነገር ውጧል፤ አንድ ቃል አያንቀውም።

የኔን ኮት? ተወው፤ ከቅዳሜ ወዲያ ትጠግነዋለህ። ባትጠግነውም ግድ የለም። የተቀደደ ኪስ የራሱ ጥቅም አለው፤ ባለቤቱ ምንም አይደብቅበትም፣ ወፎቹም ይበሉበታል።

እንግዲህ ልሂድ፤ መኪናው ገበያው ሳይበተን ይነሣል። ያልመረቁት ልብስ አይለበስም፤ ስለዚህ መርቄ ልሂድ። ምርቃት እንደሆነ ኪስ አይፈልግም።

የዚህን ኮት ባለቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር ይባርከው። በላዩ ይለቅ። ኪሱ አይተርተር። ወንድ ልጅ ይስጠው፤ አንድ፣ የሚሳሳለት። አስተምሮት ከሱ በላይ ይማርለት፤ ከሱ የተሻለ ኮት ይልበስለት፣ ካንተም የተሻለ ሰፊ ያግኝለት። እሱ አርጅቶ ደጁ ላይ ሲቀመጥ ያ ልጅ ጉልበቱን ሊስም ይምጣለት፣ ጎንበስም ይበልለት … ምንም ነገር አይውደቅበት። ቀና አድርጎ ሲያቅፈውም ደረቱን ምንም አይቆርቁረው።