ለሎሬታ የተጠየቀ ፈቃድ

ውርጭ ያደረበትን ሣር የረገጠ ሰው ለጊዜው ምንም ያጠፋ አይመስለውም። ጥፋቱ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው፤ እግሩ ያረፈበት ሁሉ ጠቁሮ፣ ሣሩ ሞቶ ይገኛል። ስለዚህ በዌልበርን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የጎልፍ ሜዳ፣ በጥቅምት ማለዳ ውርጩ እስኪቀልጥ ድረስ ማንም አይገባም። ዳኛም ይሁን ጡረተኛ፣ የእንግዳ መቀበያው ቤት መስኮት ሥር ተቀምጦ ፀሐይን ይጠብቃል። ሰው ለሰው አልታዘዝ ብሎ እያስቸገረ ለውርጭ እንዲህ መታዘዙ ይገርማል።

ሚስተር ቨርነን ዲትመር በዚያ ቅዳሜ ከሚጠብቁት መካከል ነበሩ። የመጡት ግን ሊጫወቱ አልነበረም። ዕድሜ ልካቸውን የቧንቧ ሠራተኛ ሆነው ኖረው ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ሚስታቸው ሎሬታ የመርሳት በሽታ ይዟታል። በደህናው ጊዜ በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ወንዶችን ያሳፈረች ተጫዋች ነበረች፤ ባሏንም ጭምር። አሁን የልጆቿ ስም ጠፍቷታል። ሲመሽ ጭንቅ ይይዛታል፤ ከበር በር እየተመላለሰች፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች ታለቅሳለች። የምትረጋጋው ባሏ እዚህ ሜዳ ላይ ሲያንሸራሽሯት ብቻ ነው። ሐሳቧ የረሳውን መሬት እግሯ አልረሳውም። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ማንም ሳይነግራት እርምጃዋን ታሳጥራለች፤ ኩሬው አጠገብ ዝግ ትላለች። ሚስተር ዲትመር በዚያች ሰዓት ሚስታቸውን መልሰው ያገኟታል።

የድሮው ሥራ አስኪያጅ የልብ ወዳጃቸው ነበር። «ማታ ማታ በጓሮው በር ግቡ፤ እኔ አላየሁም» ብሏቸው በዚያው ኖሩ። እሱ ግን በቅርቡ ጡረታ ወጣ። ከዚያ በፊትም በጸደይ ወራት አንድ ሲንሸራሸር የነበረ ሰው ግንባሩን ኳስ መትቶት ስለነበር፣ ከተጫዋች በቀር ወደ ሜዳው እንዳይገባ ደንብ ወጥቶ ነበር። ወዳጅ እስካለ ድረስ ደንቡ ሚስተር ዲትመርን አልነካቸውም። ትናንት ማታ ግን አዲሱ ጠባቂ በትሕትና መለሳቸው። ሎሬታ የበሩን ብረት ይዛ አለቀሰች። እሳቸውም ጣቶቿን ቀስ ብለው አላቀው ወደ መኪናው አስገቧት። ዛሬ የመጡት አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ብቻውን አግኝተው በጆሮው አንድ ነገር ሊሉት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ውርጩን ሊያይ ወደ ሜዳው ወርዷል ተባሉ። ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ብሪጂት ኖቫክ በእጇ ትኩስ ሻይ ይዛ መጣች። ብሪጂት ያደገችው ከእነ ሚስተር ዲትመር አጥር ማዶ ነው። ተምራ፣ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ዲትመር? ሚሲስ ዲትመር እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት» አሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱት ይህንኑ ነው። «አንቺስ ምን እግር ጣለሽ? ጎልፍ ጀመርሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ዱላውን በየት በኩል እንደሚይዙትም አላውቅ። ሰኞ ማታ የጎልፍ ሜዳዎች አማካሪ ቦርድ ስብሰባ አለን። ሜዳውን ሳላይ ስለ ሜዳው ከማወራ ብዬ ነው።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ» አሉ ሚስተር ዲትመር። «ጎልፍ የማታውቅ የጎልፍ አማካሪ! የዚህ ከተማ ነገር ጉድ ነው።»

ብሪጂት ሳቀች። «እውነትዎን ነው። ግን ሰባት ነን። አራቱ ተጫዋቾች ናቸው። የቀረነውን የከተማው ምክር ቤት የሾመን፣ ሜዳው የሕዝብ ስለሆነ የማይጫወት ሰው ዓይንም ያስፈልገዋል ብሎ ነው። ደሞዝ የለን፣ ቢሮ የለን። ያለን አፍ ብቻ ነው።»

«አፍማ ሞልቷችኋል። ለመሆኑ ታዛላችሁ?»

«አናዝም። የሜዳውን ይዞታ እናያለን፣ የሰዉን ቅሬታ እንሰማለን፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ ይሄ ቢሆን ይሻላል ብለን እንመክራለን።»

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነዋ ነገሩ። ቢሰሟችሁ ሰሟችሁ፤ ባይሰሟችሁ ኮታችሁን ለብሳችሁ ወደ ቤት። ስሚኝ ልጄ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ሰው ቦርድ አይጠራም። ቧንቧ የሚያውቅ ነው የሚጠራ።»

«ልክ ነዎት። ግን ቧንቧው በየትኛው ቤት እንደፈነዳ ሠራተኛው በምን ያውቃል? ባለ ጉዳዩ ካልነገረው?»

ሚስተር ዲትመር ወደ ሣሩ አዩ። ነጩ ውርጭ ከዳር ዳር መላቀቅ ጀምሮ ነበር። መልስ ያጣ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ወደ ቁጣ ይሄዳል፤ እሳቸውም ከዚህ አላመለጡም።

«ያንን ደንብ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ አይደል? ተጫዋች ያልሆነ አይግባ የሚለውን።»

«አዎ» አለች ብሪጂት። «እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት አንዷ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ትናንት ሎሬታን ከበር የመለሳት ያንቺ እጅ ነው።»

ይህን ያሉት ሳያስቡት ነው። ካመለጣቸው በኋላ ግን ሊመልሱት አልቻሉም፤ የቀረውም ተከትሎ ወጣ። የምሽቱን ጭንቅ፣ የጓሮውን በር፣ እግሯ መንገዱን እንዴት እንደሚያውቅ፣ ትናንት ብረቱን ይዛ እንዴት እንዳለቀሰች፣ ሁሉንም በዝቅተኛ ድምፅ ነገሯት። ብሪጂት ሻይዋን አስቀመጠች። በልጅነቷ ያቺ ሴት በአጥሩ ላይ ብስኩት ስታቀብላት ታስታውሳለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልደበቀችውም።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች። «ስለ ደንቡ ምክር ቤቱን ከመምከራችን በፊት ሁለት ጊዜ ሕዝብ ጠርተን ነበር። ማስታወቂያው እዚሁ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እርስዎም ሳያዩት አልቀሩም።»

«አይቼዋለሁ። እኔን ምን አገባኝ? ፈቃድ ነበረኝ።»

«ከማን?»

«ከወዳጄ።»

«እሱ እኮ ነው ነገሩ፣ ሚስተር ዲትመር። ያን በመከርንበት ማታ ፊታችን የቀረበው የተመታው ሰው ግንባር ብቻ ነበር። ያልሰማሁትን ምን ላይ አስቀምጬ ልመዝነው? ያ የጓሮ ፈቃድ ሚሲስ ዲትመርን ከእኛ ደበቀብን።»

«ወዳጅነት ነውር ሆነ እንዴ ዛሬ?»

«ነውር አይደለም። ወዳጅዎም ደግ ሰው ነበሩ። ግን ደግነታቸው ከእሳቸው ጋር ጡረታ ወጣ።»

«አዲሱንም ወዳጅ አደርገዋለኋ! ሰው አይደል?»

«ያድርጉት፤ መልካም ልጅ ነው። እሱ ሲቀየርስ? እሱ ታሞ ሌላ ሰው በሩ ላይ የቆመ ቀንስ? ደግሞ ወዳጅ የሌለውስ ሰው ምን ይሁን?»

ሚስተር ዲትመር ይህን ሲሰሙ አንዲት ሴት ትዝ አለቻቸው። በበጋው ምሽቶች ከሎሬታ ጋር ውስጥ ሲንሸራሸሩ፣ ይህቺ ሴት ከአጥሩ ውጭ፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ባሏን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ታልፍ ነበር። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይሏታል፤ እሷም ትመልሳለች። ለምን ውጭ እንደምትሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም። ጥላው ሥር ያለ ሰው ፀሐይ ላይ ያለውን ሰላም ማለቱን እንደ ትልቅ ነገር ይቆጥረዋል።

ቢሆንም ልባቸው ገና አልተሸነፈም። «ሎሬታ ኩሩ ሴት ናት» አሉ። «አንድ ቀን ፀጉሯን ሳታበጥር ደጅ ወጥታ አታውቅም። እኔ አሁን ሰው ፊት ቆሜ ሚስቴ አእምሮዋን ስታለች ልበል? ገመናዬን አደባባይ አላወጣም። ዝም አይነቅዝም።»

መማር ማለት ቶሎ መመለስ የሚመስላቸው አሉ፤ ብሪጂት ከእነሱ አልነበረችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አለች በመጨረሻ። «ግን ስለ በሽታቸው ይናገሩ አላልኩም። ስለ እግራቸው ይንገሩን። ዳገቱ ጋ እርምጃ እንደሚያሳጥሩ፣ ኩሬው ጋ ዝግ እንደሚሉ፣ አሁን ለእኔ እንደነገሩኝ። እሱ ገመና አይደለም፣ ሚስተር ዲትመር። እሱን የሰማ ሰው ያከብራቸዋል።»

ሚስተር ዲትመር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

በዚህ መሐል አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጫማው ርሶ ከሜዳው ተመለሰና መግባት እንደሚቻል ተናገረ። ተጫዋቾቹ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። ወጣቱ ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብሎ፣ «ይፈልጉኝ ነበር አሉኝ፣ ሚስተር ዲትመር» አለ። ብቻውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተመኟት ጊዜ ይህቺው ነበረች።

«ፈልጌህ ነበር» አሉት። «ሰኞ ማታ እነግርሃለሁ። ከሌሎቹ ጋር ትሰማኛለህ።»

በማግሥቱ እሑድ ሚስተር ዲትመር ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ቆመው ጠበቁ። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ወንበሩን እየገፋች መጣች። ባርኔጣቸውን አውልቀው ስማቸውን ነገሯት፤ ስሟ ኢውኒስ ካርዴል እንደሆነም ያን ቀን አወቁ። ስለ ስብሰባው ሲነግሯት፣ «የእኛ ቢጤም መናገር ይችላል እንዴ?» አለቻቸው።

ሰኞ ማታ ሚስተር ዲትመር ክራቫት አስረው ተገኙ። ለተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ሰባቱ ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ስለ ሎሬታ እግር ተናገሩ። ኢውኒስም ተነሥታ ስለ ጭነት መኪናዎቹ ተናገረች።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ዶክተር ሃልቮርሰን የጥርስ ሐኪምና ኃይለኛ ተጫዋች ናቸው። «ሚስተር ዲትመር፣ ልቤን ነክተውታል» አሉ። «ነገር ግን ሌላ ሰው ቢመታስ? ያን ደም ያየሁት እኔ ነኝ።»

«ልክ ብለዋል ዶክተር» አሉ ሚስተር ዲትመር። «እኔም ተጫዋች ነኝ፤ ኳስ ዘመድ አያውቅም። እኔ የምለው የመጨረሻዎቹ ተጫዋቾች ካለፉ በኋላ ነው። ያኔ የሚበር ኳስ የለም። በጥርጊያው መንገድ ብቻ ብንሄድ ሣሩም አይጎዳም።»

«አመሻሽ ላይ ከሥራ ወጥተው የሚጫወቱትስ?» አለ ሌላው።

ክርክሩ ረዘም አለ። አንዱ ስለ መብራት አነሣ፣ ሌላው ስለ ውሻ። ሚስተር ዲትመር ቁጭ ብለው ሲያዳምጡ፣ ሰባት ሰዎች ያለ ደሞዝ ስለ ሎሬታ ምሽት ራታቸውን ትተው ሲጨቃጨቁ ማየታቸው እንግዳ ነገር ሆነባቸው። በጓሮው በር ሲገቡ ስለ እሷ የሚያስብ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አላየሁም የሚል።

በመጨረሻ ቦርዱ እንዲህ ሲል መከረ፤ ሰኞና ሐሙስ ማታ የመጨረሻዎቹ ተጫዋቾች ቀደም ብለው እንዲገቡ፣ ከዚያ በኋላ የደቡቡ ወገን ጥርጊያ መንገድ ለእግረኛና ለተሽከርካሪ ወንበር ክፍት እንዲሆን፣ በሩም ዋናው በር እንዲሆን። ሚስተር ዲትመር የፈለጉት በየቀኑ ነበር። ለተጫዋቾቹ ደግሞ ሁለቱም ቀን በዛባቸው። ምክር ቤቱ ምክሩን ተቀብሎ ከሁለት ሳምንት በኋላ አጸደቀው።

አንባቢ ሆይ፣ በጆሮ የተገኘ ፈቃድ ፈጣን ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ሰጪው በወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ። በአደባባይ ተጠይቆ፣ በክርክር ተፈትኖ የወጣ ደንብ ይዘገያል፣ ከጠየቁትም ያንሳል። ይሁን እንጂ ለኢውኒስም ይደርሳል፤ ስሟን ለማናውቃትም ለነገዪቱ ኢውኒስ ይደርሳል። የተመታውንም ሰው ግንባር አይረሳም። ሕዝብ ገንዘቡን አውጥቶ የሚያሳድገውን ሣር ሕዝብ ራሱ ሊጠብቀው ይገባዋል፤ ለመጠበቅ ደግሞ መምጣትና መናገር ያስፈልጋል። ብሪጂትም ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣች፤ ቦርዱ ስለ ማንኛውም ደንብ እጅ ከማውጣቱ በፊት «እዚህ ያልመጣ ማን አለ?» ብላ ትጠይቃለች።

የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ ብርዱ የሚቆረጥም፣ ሰማዩ ግን የጠራ ነበር። ሚስተር ዲትመር የሎሬታን ፀጉር አበጥረው፣ ኮቷን አልብሰው በዋናው በር ገቡ። ከፊታቸው ኢውኒስ ባሏን እየገፋች ትሄዳለች። የማያውቋቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ። ሎሬታ ዳገቱ ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አሳጠረች። ከዚያ ድንገት ቆመችና ክንዳቸውን ያዘች።

«ይቆጡን ይሆናል» አለች።

እሳቸውም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው፣ «የሚቆጣን የለም፣ የኔ ፍቅር። ጠይቀን ነው የገባነው» አሏት።

ሎሬታ ትክ ብላ አየቻቸው። «ታዲያ ለምን ታንሾካሹካለህ?» አለች።

ሚስተር ዲትመር ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸውም አብሮ መጣ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከፊት የሚሄዱት እስኪዞሩ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እውነትሽን ነው፣ ሎሬታ» አሉ። ከዚያም እጇን ይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ።