ሳይቀጥሩት የሚያዙት ልጅ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም፤ ከአዋሽ ወደ ሰመራ በሚኒባስ ስንሄድ ነው። አጠገቤ ያለው ወጣት በስልክ ሲቆጡት ቆይቶ ዘጋ።

«ማነው የሚጮህብህ ወንድሜ?» አለች ከኋላችን ያለች ሴት።

«አንድ ኩባንያ። በትርፍ ጊዜዬ ሠርቼ ለሁሉም በነጻ የለቀቅኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ እነሱም ይሠሩበታል። ተበላሽቷል፣ ዛሬውኑ አስተካክል ይሉኛል።»

«ቀጥረውሃል?»

«ኧረ መልኬንም አያውቁት! እናቴ ሰመራ ታማ ተኝታለች ስላቸው፣ አጠገቧ ሆነህ ሥራ አሉኝ።»

«ካልቀጠሩህ እንዴት ያዙሃል?» አልኩት ግራ ገብቶኝ።

«አባባ፣» አለች ሴትዮዋ፣ «እኔ ሚሌ ሱቄ በር ላይ ለመንገደኛ የጀሪካን ውሃ አስቀምጣለሁ፣ ለአላህ ብዬ። አንዱ ሾፌር ጠጥቶ ሲያበቃ ነገ በረዶ ጨምሪበት አለኝ!»

«ምን አልሽው?» አላት ወጣቱ።

«ጀሪካኑ ያውልህ፣ አንተ ሙላው!»

ወጣቱ ሳቀና ስልኩን አጠፋው።

እኔ ግን የጠፋው ስልክ የሚጮህ እየመሰለኝ እስከ ሰመራ ሳዳምጥ ሄድኩ፤ ነገሩን ትንሽ ያስጨበጠችኝ፣ ሚሌ ላይ ስትወርድ ሰዎች «ዘሃራ!» ብለው የተቀበሏት ያቺ ሴት ናት።