ሁለት እጅ ቀለም የደረቀበት ሁለት ደቂቃ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

ስም፦ ክላይቭ ትሬዊን
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የመንገድ መስመር ቀቢ
አድራሻ፦ ደቡብ አውስትራሊያ፣ ፖርት ትሬጋን፣ ጄቲ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 9
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐሙስ ማርች 7 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 2፡40፣ ፖርት ትሬጋን ፖሊስ ጣቢያ
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ካሪን ሆልብሩክ

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው እኔ፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የተጠራሁት በቦታው ነበርክ ተብዬ ለምስክርነት ነው። አቤት ባዩ አቶ ብሬት ሎካየር «አንድ ሽማግሌ መኪናዬን ቀለም ለቀለቀው» ማለቱ ተነበበልኝ። ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትፈልጉ። «ለቀለቀው» የሚለውን ግን አልቀበልም።

የዚህችን ከተማ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት የቀባሁት እኔ ነኝ። ከወደቡ እስከ እህል ጎተራው ጠማማ መስመር ካለ ወስዳችሁ አሳዩኝ። ከክሊኒኩ ደጃፍ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለውን የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ በ1991 የቀባሁትም እኔ ነኝ፤ የዊልቸሩ ምልክት የሚታተምበትን ቆርቆሮ የቆረጥኩት በገዛ እጄ ነው። ያኔ ለሰው ብዬ ነበር የቀባሁት። አሁን ለባለቤቴ ለሞይራ ሆነ። ሞይራ በስኳር በሽታ ምክንያት ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ተቆርጠዋል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ በክሊኒኩ የኩላሊት እጥበት አላት። የቫናችን መወጣጫ የሚዘረጋው በጎን ስለሆነ ያ ሰፊ ቦታ ካልተገኘ መውረድ አትችልም።

ረቡዕ ፌብሩዋሪ 21 ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡45 ላይ፣ የአቶ ሎካየር ሰማያዊ መኪና ቦታውን ይዞት ደረስን። ሰውየው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባሕሩ ዳርቻ ሲሮጥ አየዋለሁ። የቆመው ቁርሱን ሊገዛ ነው። «ሁለት ደቂቃ ናት አባባ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። መስመሩን በጣቴ ሳሳየው «የቱ መስመር? እኔ ምንም መስመር አይታየኝም» ብሎ ዳቦ ቤት ገባ። ሞይራን መንገድ መሀል አወረድኳት። የዊልቸሯ የፊት ጎማ የውሃ መውረጃው ውስጥ ገብቶ በግንባሯ ተደፋች። እጥበቱ ላይ ዘግይታ ስለገባች ከጊዜዋ አንድ ሰዓት ተቀነሰባት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ትንፋሽ አጠራት። ሚስቴ የምታማርር ሰው አይደለችም። ያን ዕለት ግን «ክላይቭ፣ ከእንግዲህ ቤቴ ልቅር» አለችኝ። ቤት መቅረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «እኔ በሕይወት እያለሁማ አትቀሪም» አልኳት።

ስለ መስመሩ ግን ሰውየው አልዋሸም፤ ደብዝዟል። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ብጠይቅ «ለሚመጣው ክረምት ተይዟል» ተባልኩ። ስለዚህ ትናንት ረቡዕ ማርች 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ቦታውን በአራት የትራፊክ ኮን ዘግቼ ሥራ ጀመርኩ። ሞይራ ከማዶ ባቆምኩት ቫን ውስጥ ሆና የቀለሙን መድረቂያ ሰዓት ትይዝልኝ ነበር። ዙሪያውን ሰማያዊ ቀብቼ ቆርቆሮዬን ላመጣ ወደ ቫኑ ሄድኩ። ስመለስ ኮኖቹ ተነስተው እግረኛ መንገድ ላይ ተቀምጠዋል፤ የአቶ ሎካየር መኪና እርጥቡ ቀለሜ ላይ ቆሟል። «ሁለት ደቂቃ፣ አባባ» አለኝና ገባ።

በእኛ ሙያ የተጀመረ ቦታ ሳያልቅ አይተውም። ምልክቱ የሚያርፈው በሁለቱ መስመሮች መሀል፣ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁ። ልኩ የመኪናው ኮፈን ላይ ዋለ። በንዴት ነው ያደረግከው ተብዬ ተጠይቄ አይደለም ብያለሁ፤ የተናደደ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የእኔ አልተንቀጠቀጠም። ኮፈኑን በጨርቅ ወለወልኩ፤ ቆርቆሮውን አስተካክዬ ነጩን አንድ እጅ ቀባሁ። ሞይራ በመስኮት «አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላ፣ ደርቋል» ስትለኝ ሁለተኛውን እጅ ደገምኩ። እሱም ደረቀ። አቶ ሎካየር ገና አልወጣም ነበር። ሁለት ደቂቃው ሁለት እጅ ቀለም ማድረቁ በማስረጃነት ይያዝልኝ።

ሲወጣ «ምን አባክ ነው ያደረግከው አንተ ሽማግሌ?» አለኝ። «አይታየኝም ስላልክ ነው፤ አሁን ይታይሃል» አልኩት። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ግሌኒስ በሯ ላይ ቆማ «ብሬት፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ማቆም ተፈቅዶልሃል» አለችው። የተሰለፈው ሰው በሙሉ ሳቀ። እሱም መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ጎማው ያበላሸውን አድሼ፣ ምልክቱን ከቦታው አሳረፍኩ። ሲደርቅም ቫኑን አስገባሁ፤ ሞይራ በመወጣጫው ወርዳ፣ ጎማዋን በራሷ እጅ እየገፋች፣ ልክ በ3 ሰዓት ገባች። ሙሉ ጊዜዋን ታጠበች።

ይቅርታ ትጠይቃለህ ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። የመኪናውን ቀለም ሳይፍቅ የእኔን የሚያነሳ ፈሳሽ አለኝ፤ በገዛ እጄ አነሳለታለሁ። ይቅርታውን ግን እሱ ከሞይራ ይጀምር። ምልክቱ ጠማማ ነው የሚል ካለ፣ ሳይነሳ በሜትር ይለካልኝ።

የሚቀርህ አለ ወይ ተብዬ አለ ብያለሁ። ባለቤቴም ለ3፡30 ለምስክርነት ተጠርታለች። እስካሁን ግን ቫን ውስጥ ናት፤ ምክንያቱም በዚህ ጣቢያ ደጃፍ ባለው የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ ላይ የፖሊስ መኪና ቆሟል። ያንን ቦታ የቀባሁትም እኔ ነኝ፤ አልደበዘዘም። ቆርቆሮውና ቀለሙ ከእሷ ጋር ቫኑ ውስጥ ናቸው። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ማስታወሻ፦ ቃሉ ከ3፡22 እስከ 3፡26 ተቋርጧል። ምክንያት፦ እኔ ቃል ተቀባይዋ ደጃፍ ያቆምኩትን የፖሊስ መኪና ለማንሳት ወጥቻለሁ። ሳጅን ካሪን ሆልብሩክ።

ቃሉ ሲቀጥል ሞይራ ከጎኔ ናት፤ ማንም ሳይደግፋት በራሷ ነው የገባችው። «ጨረስክ ወይስ ሁለተኛ እጅ ይቀርሃል?» አለችኝ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ።

ከላይ የተጻፈው አንድ በአንድ ተነቦልኛል። ቃሉ የእኔ ነው፤ ከእውነት የጎደለም የተጨመረም የለበትም። መስመሩም ምልክቱም የእኔ ሥራ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ክላይቭ ትሬዊን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ካሪን ሆልብሩክ