ሰላምታ የበላው ካርድ

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ፣ ዲላ ከተማ ዝናብ ቢያዋክበኝ ጊዜ አቶ ጎሹ ሱቅ ገብቼ ተጠለልኩ። አቶ ጎሹ ከሰላሌ መጥተው ቆርቆሮና ምስማር እየሸጡ ዲላን አገራቸው ካደረጉ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰው አክባሪ ነጋዴ ናቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ነርሷ መሪማም ዝናቡን ሸሽታ እዚያው ቆማለች። ገና ከመቀመጤ የአቶ ጎሹ ስልክ ጮኸ።

ደዋዩ ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኮንጋ የሚኖረው የልጃቸው የፀዳለ ባል፣ ባንተአምላክ ነበር። ፀዳለ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

«ጋሼ፣ ፀዳለ...» ሲል እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፤ መጀመሪያ ሰላምታ። እንዴት ከረማችሁ? እናትህ ደህና ናቸው? አባትህስ፣ ወገባቸውን ተሻላቸው?»

«ደህና ናቸው። ጋሼ፣ እኔ የደወልኩት...»

«እግዜር ይመስገን። ላሚቱስ ወለደች? ቡናው እንዴት ይዟል?»

ስልኩ ተቋረጠ። አቶ ጎሹ አየት አድርገውት ኪሳቸው ከተቱት። «ካርዱ አለቀበት መሰለኝ። የዛሬ ልጆች ግን ምን ነካቸው? ሰላም ሳይሉ ዘው ይላሉ» አሉኝ፤ ሽበቴን አይተው ደጋፊ ያገኙ መስሏቸው።

እውነትም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ሰላምታው ግማሽ ገጽ ካልሞላ ማርክ የምቀንስ ክፉ ሰው ነበርኩ።

መሪማ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «ጋሽ ጎሹ፣ ለምን ነበር የደወለው?»

«ደህንነቴን ሊጠይቅ ነዋ።»

«በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን? የፀዳለን ስም ጠርቶ ነበር እኮ። እባክዎ መልሰው ይደውሉለት።»

ደወሉ። ዝግ ነው። ደገሙ፤ አሁንም ዝግ ነው።

«ባትሪ ጨርሶ ይሆናል። ብርቱ ጉዳይ ቢሆን ይናገር ነበር» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ሊናገር ሞከረ። እርስዎ አላስጨረሱትም።»

«እኔ ያስተማርኩት አክብሮት ነው፣ መሪማ። ሰው ከሰው ሲገናኝ ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ ይገባል? እኚህን መምህር ጠይቂያቸው፤ የድሮ ደብዳቤ ገጹ ሙሉ ሰላምታ ነበር።»

«ደብዳቤ መሃል ላይ አይቋረጥም። የቸኮለ ሰው ሰላምታውን ዘሎ ጉዳዩን ያነባል። ስልክ ግን ካርዱ ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ደግሞም ሰው ደጅዎ ቢመጣ ፊቱን አይተው ጭንቀቱን ያውቁለታል። በስልክ ፊት አይታይም፤ ካልተናገረ በምን ያውቁለታል?»

«ታዲያ ሰላምታ ይቅር ነው የምትዪኝ?»

«ይከተል እንጂ አይቅር። ደዋዩ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደፈለገ ይናገር፤ ስለ ላሚቱ ከዚያ በኋላ ይነሳል። እኛ ጋ ሕመምተኛው አጠገቡ እየተሰቃየ ‹ሥራ እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው› የሚለን ደዋይ ብዙ ነው።»

እኔም ራሴን በመነቅነቄ አፈርኩ። አቶ ጎሹ ለሦስተኛ ጊዜ ደወሉ። ዝግ ነው።

«ኮንጋ ሌላ የሚያውቁት ሰው የለም?» አለች መሪማ።

«ፊት ለፊታቸው ሱቅ ያላት ሐያት አለች። ግን በምን አፌ? አባቷ ከሞቱ ወር አልሞላቸውም፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ሳላጽናናት የራሴን ጉዳይ ብጠይቃት ምን ትለኛለች?»

«ልጅዎ ምን እንደሆነች አናውቅም፣ ጋሽ ጎሹ። ሐያት ትረዳዎታለች።»

ደወሉ። «ሐያት» አሉ። የሐዘኑ ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ሲታገላቸው አየሁ። «ጎሹ ነኝ፣ ከዲላ። ፀዳለ ምን ሆነች?»

ድምፅ ማጉያው በርቶ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። «ከጠዋት ጀምሮ ደም እየፈሰሳት ነው፣ ጋሼ። በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ እያወረዷት ነው። መኪና ጠፋ። የእርስዎ ፒክአፕ ዛሬ ይርጋጨፌ ዕቃ አምጥታለች ሲባል ባንተአምላክ ሰምቶ፣ ሳትመለስ ላኩልን ሊልዎት ነበር የደወለው።»

አቶ ጎሹ ሾፌራቸውን ሰይድን ያገኙት ዕቃውን አራግፎ፣ ወደ ዲላ ሊመለስ ሞተር ሲያስነሳ ነበር። «ሰይድ፣ ወደ ኮንጋ ሂድ። ፀዳለ ደም እየፈሰሳት ነው፤ አስፋልቱ ላይ ይጠብቁሃል። ወደ ዲላ ሆስፒታል አምጣት።» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስልኩን ከዘጉ በኋላ የምስማር ካርቶን ላይ ዘፍ ብለው «ላሚቱን እኮ ነው የጠየቅኩት» አሉ።

ፀዳለ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ተረፉ። ሰይድ መንገድ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ጎሹ ስልክ ሲያነሱ «ጉዳይ ካለህ እሱን አስቀድም» ይላሉ። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ዘመዶችም ለመዱት። ካርዳቸው ይበረክታል፣ መልእክታቸው ይደርሳል፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ሰላምታም ልብ ያረፈበት ስለሆነ ይጥማል። ሐያትን ግን በስልክ ማጽናናት አልሆነላቸውም፤ ኮንጋ ድረስ ሄደው ለቅሶ ደረሱ። እኔም ሳስተምር የቆረጥኩትን ማርክ ሁሉ ብመልስ ደስ ባለኝ።

በወሩ ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለ ፀዳለ ደወለች። አቶ ጎሹ ብድግ አሉ። «ጉዳይ አለሽ ልጄ? ቶሎ ንገሪኝ።»

«ምንም ጉዳይ የለኝም፣ አባዬ። ሰላም ልልዎት ነው።»

አቶ ጎሹ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው «እንዴት ነሽ?» አሉ፤ መልሷንም ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙ።