የማይበላሸው ዴስክቶፕ

ጡረታ የወጡት የመጻሕፍት አራሚ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረውን የኮምፒውተር ባለሙያ ደረጃው ላይ አገኟት። ሰላምታው ገና ሳያልቅ፣ «ልጄ፣ ያ መስመር አሁንም ጠፋ» አሏት። ከስክሪኑ ግርጌ ያለውን፣ ፕሮግራሞች የሚከፈቱበትን መስመር ማለታቸው ነው። ሲናገሩ ግን የተቸገረ ሰው አይመስሉም ነበር። መስመሩ ሲጠፋ ልጅቷ ትመጣለች፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የቤታቸውን በር ከእሷ በቀር የሚያንኳኳ የለም። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ብትገባ እንቅልፍ የሚያጡት ሰው፣ የራሳቸውን ኮምፒውተር ስህተት ሁሉ በዝምታ የሚያልፉት ለዚህ ነበር።

ልጅቷ ገብታ መስመሩን ከመለሰች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ምንም አልሆነ፤ ያረጀው ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ገጽታ፣ ዴስክቶፑ ነው» አለች። «አዲሱ ስሪት ከወጣ ቆየ። ለዚህኛው ሠሪዎቹ የደህንነት ማስተካከያ መላክም አቁመዋል። ለምን አንቀይረውም?»

«እጄ ይህንን ለምዷል። አዲስ ሲመጣ ሁሉም ነገር ቦታውን ይለውጣል። በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒውተር የሚጠፋበትን ቦታ ፍለጋ ልዙር?»

«መልኩን እንደ ድሮው አደርግልዎታለሁ። ጽሑፎችዎንም አስቀድመን ሌላ ቦታ እንገለብጣለን። እንዲያውም መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሽ ላይ እንሞክረው፤ ካልወደዱት ነቅለን እንተወዋለን።»

«አሮጌውስ ቢሆን ይሠራ የለም እንዴ?»

«ከሠራማ እኔ በየሁለት ቀኑ የምመጣው ለምን ሆነና?»

ክርክሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ሰው ሰበብ ሲያልቅበት ወይ ይቆጣል ወይ እውነቱን ያወጣል፤ አራሚው ለቁጣው አቅም አጡ።

«እንግዲህ ልንገርሽ» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ይህ ነገር ከተስተካከለ በምን ሰበብ ነው ነይልኝ የምልሽ?»

ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። «ይህን ጊዜ ሁሉ ለዚህ ነው የተከራከሩኝ? እኔ እኮ ስመጣ ጀርባዬን ሰጥቼዎት ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የምጨቃጨቀው። ሲስተካከል እሄዳለሁ። እርስዎ ያተረፉት ምኑን ነው? ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ተበላሸም አልተበላሸም።»

ለዚህ አራሚው እርማት አላገኙለትም። ከፍላሽ ሞከሩት፣ ወደዱት፣ ተጫነ።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ፊደሉ ጎላ፤ ዓይናቸው ውሃ ማዘሉን ተወ፤ ሲጽፉ ኮምፒውተሩ በመሃል ቀጥ ማለቱ ቀረ፤ ያ መስመርም ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ቤቱም ጭር አለባቸው። አንዴማ መስመሩን በገዛ እጃቸው ሊያጠፉት ቃጥቷቸው ነበር።

ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። እንደለመደችው ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ልትስብ ስትል፣ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ትዝ አላትና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አራሚው ፊቷን ገና ዛሬ በደንብ አዩት። የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። እስከ ዛሬ ስለዚያ መስመር እንጂ ስለ እሷ አንድም ነገር ጠይቀዋት እንደማያውቁ ገባቸው፤ አፈሩም።

«አንቺስ ልጄ፣ ከሥራ ስትመለሺ ቤት ማን ይጠብቅሻል?»

ለሁሉም ጥያቄ መልስ የማይጠፋት ልጅ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። አራሚውም ሻይ ልጣድ ብለው አልተነሡም፤ እስክትናገር ድረስ እዚያው ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉ።